ክብደት ለመቀነስ ተነሥቻለሁ፤ አብሮ የሚጸና ወዳጅ በድሬዳዋ እንዴት ይገኛል?

የሳቢያን ነዋሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የሁለት ልጆች እናት ስሆን ሥራዬ ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ የሚያውል የቢሮ ሥራ ነው። ባለፈው ወር ለሌላ ጉዳይ ጤና ጣቢያ ሄጄ ስመዘን 82 ኪሎ ሆኜ ተገኘሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ሳንቲ ሜትር በመሆኑ ክብደቴ ለቁመቴ ካሬ ሲካፈል ከ31 በላይ ይመጣል፤ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት ተብሎ እንደሚመደብ ተነገረኝ። የደም ግፊቴም ከፍ ማለት ጀምሯል። በቤተሰባችን የስኳር በሽታ ስላለ ነገሩን አቅልዬ ልተወው አልፈለግሁም፤ ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን ክብደቴን ለመቀነስ ወስኛለሁ።

ይህን የምጽፈው የምግብ ዝርዝር እንድትሰጡኝ አይደለም። ምን መብላት፣ ምን መተው እንዳለብኝ በመጠኑም ቢሆን ዐውቃለሁ። የከበደኝ የሰዉ ነገር ነው። በእኛ ሰፈር ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ ሲጠሩ መቅረት ጎረቤትን እንደ መናቅ ይቆጠራል፤ ከሄዱ ደግሞ ቡናው ብቻውን አይመጣም፤ ሳምቡሳው ከዘይቱ እንደ ወጣ በትኩሱ ይቀርባል፤ "በሞቴ፣ አንድ ብቻ" የምትለኝ ጎረቤቴም እኔ ሥራ በምውልበት ጊዜ ልጆቼን እንደ ራሷ ልጆች የምታይልኝ ሴት ናት። አማቴ ዘንድ ስንሄድ እጄን ቶሎ ከመሶቡ ካነሣሁ "ምነው ልጄ፣ ወጡ አልጣመሽም?" ይሉኛል፤ ጉርሻ ጠቅልለው እጃቸውን ዘርግተው ሲጠብቁኝ እንቢ ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። ትንሽ ቀነስ ማለት ስጀምር ደግሞ "ከሳሽ፤ ምን ነካሽ? አሞሽ ነው እንዴ?" የሚለው ጥያቄ እንደሚከተል ከሌሎች አይቻለሁ፤ መወፈር የምቾት፣ መክሳት የችግር ምልክት ሆኖ በኖረበት አገር ይህ የሚጠበቅ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ከእነዚህ ከምወዳቸው ሰዎች ሳልለይ፣ እነርሱንም ሳላስቀይም ድጋፋቸውን ማግኘት የምችለው እንዴት ነው? ማለዳ አብሮኝ የሚራመድ ሰውስ በዚህ ከተማ ከየት ይገኛል?

ነርስ ከለገሃሬ፦

እህቴ፣ በሥራዬ ላይ ብዙ ሰዎች ክብደት ለመቀነስ ሲነሡና ሲተዉት አያለሁ፤ አንቺ ያነሣሽው ጉዳይ ከምግብ ዝርዝሩ ይልቅ ውጤቱን የሚወስን መሆኑን ስለማምንበት ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

በመጀመሪያ ግብሽን ልክ አብጂለት። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ በታተመው የአሜሪካ የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት፣ ለበሽታው የተጋለጡ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ግብ ተሰጥቷቸው ነበር፤ በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥም ይህ እርዳታ ካልተሰጣቸው ሰዎች ጋር ሲነጻጸሩ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በአንቺ ክብደት 7 በመቶ ማለት ስድስት ኪሎ እንኳ የማይሞላ ነው። ይህም በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ በሚሆን ፍጥነት ሊደረስበት የሚችል ነገር ነው፤ ከዚያ በላይ በፍጥነት እናክሳለን የሚሉ ሻይና ክኒን ሻጮችን አትስሚ።

ስለ ወዳጆች ደግሞ ሁለት ጥናቶችን ላንሣልሽ። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመው አንደኛው፣ ፍራሚንግሃም በተባለች የማሳቹሴትስ ከተማ ከ12,000 በላይ ሰዎች ለ32 ዓመታት ተከታትለው የተሰበሰበው መረጃ ሲመረመር፣ አንድ ሰው ወዳጁ ከልክ በላይ ከወፈረ እርሱም የመወፈር ዕድሉ በ57 በመቶ ከፍ ይል ነበር። ይህ ወዳጅን ለመወንጀል የሚጠቀስ አይደለም፤ አብረን የምንበላ፣ አብረን የምንቀመጥ ሰዎች ምን ያህል እንደሚበቃን የምንማረው እርስ በርሳችን መሆኑን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው ሁለተኛው ይበልጥ ያበረታሻል። ክብደት ለመቀነስ ብቻቸውን መጥተው የተለመደውን እርዳታ ካገኙት መካከል እስከ መጨረሻው የጸኑት 76 በመቶ ሲሆኑ፣ ከወዳጆቻቸው ጋር መጥተው እርስ በርስ መደጋገፍን ከተማሩት ግን 95 በመቶው ጸንተዋል፤ የቀነሱትን ክብደት ሳይመልሱ የቆዩትም በመጀመሪያዎቹ 24 በመቶ፣ በሁለተኞቹ 66 በመቶ ነበሩ።

ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው፤ "ደግፉኝ" ብለሽ ለሁሉም አትናገሪ። የሚወድሽ ሰው ሁሉ ሊረዳሽ ይፈልጋል፤ ነገር ግን ምን እንዲያደርግልሽ እንደምትፈልጊ ካልነገርሽው የሚያውቀውን መውደድ ያደርግልሻል፤ እርሱም ማጉረስ ነው። ለጎረቤትሽ "ቡናውን እመጣለሁ፤ ሳምቡሳውን ግን አታቅርቢልኝ" በያት። ለባለቤትሽ "ማለዳ እኔ ስወጣ ልጆቹን አንተ ቁርስ አብላልኝ" በዪው። አንድ ሰው፣ አንድ ነገር፣ የታወቀ ሰዓት።

የከዚራ ጡረተኛ፦

ልጄ፣ ነርሷ ያለችውን ካነበብኩ በኋላ ስለ መራመዱ የማውቀውን ልጨምርልሽ ወደድሁ። በባቡር ድርጅት ውስጥ ስሠራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ማለዳ መራመድ ልማዴ ከሆነ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ድሬዳዋ ለመራመድ የሚመች ከተማ ነው፤ ሰዓቱን ማወቅ ብቻ ይፈልጋል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላ ስለሆነች፣ በተለይ በግንቦትና በሰኔ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ፀሐዩ ሰውን ያዝላል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ፣ 12 ሰዓት ላይ መውጣት ነው፤ ያ ካልተመቸ ከሰዓት 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ። ከዚራ ጎዳናው ሜዳ ነው፤ ዛፎቹ ከሁለቱም ወገን ጥላ ያደርጋሉ፤ መንገዶቹም ቀጥ ብለው የተቀየሱ በመሆናቸው ከባቡር ጣቢያው ተነሥቶ ዞሮ ወደዚያው መመለስ ለጀማሪ ይመቻል። በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ መራመድ የሚወዱ ወጣቶች አሉ፤ በበጋ ደግ ነው፤ ክረምት ሲገባ ግን ዝናቡ እኛ ጋ ሳይጥል ከላይ ከተራራው የሚወርደው ውኃ በድንገት ስለሚደርስ ወደ ወንዙ እንዳትወርጂ። የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ በሌሊት ስንት ቤተሰብ እንደ በላ የከተማው ሰው አይረሳውም።

የሰውን ነገር በተመለከተ፣ አብሮ የሚራመድ ወዳጅ ዋናው ጥቅሙ ወሬው አይደለም። ደጅ ቆሞ የሚጠብቅሽ ሰው እንዳለ ስታውቂ፣ እንቅልፍ ቢጥምሽም ትነሺያለሽ። እኔ የማውቃቸው ጸንተው የቆዩት ሁሉ የሚጠብቃቸው ሰው የነበራቸው ናቸው። ባለቤቴና ሦስት እናቶች በሳምንት አራት ቀን አብረው ይወጣሉ። ሴቶች ብቻ ስለሆኑ ካንቺ ጋር ይስማማሉ ብዬ አስባለሁ፤ ፈቃድሽ ከሆነ እነግራቸዋለሁ።

የጀጎል ልጅ፦

እኔ የምጽፈው ከሐረር ነው። የእኛ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋልና ቀትር ላይ እንኳ መራመድ ይቻላል፤ የጀጎል ቁልቁለትና ዳገትም ጂም ሳይገቡ ላብ ያወጣል። የግንቡ ዙሪያ ከሦስት ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ እኔና እህቴ ከበር ወደ በር እየተሻገርን በውጭ በኩል እንዞረዋለን።

ስለ ግብዣው ግን ያንቺ ችግር የእኛም ነው። በእኛ ዘንድ አፎቻ አለ፤ ለሰርግም ለለቅሶም የምንረዳዳበት ማኅበር ነው፤ የሴቶቹ ለብቻ፣ የወንዶቹ ለብቻ ነው። በተሰበሰብን ቁጥር ነደባ በምንለው ከፍ ያለ መደብ ላይ እንደ ተቀመጥን ትሪው ይዞራል፤ ሁልበት መረቁ፣ ሙሸበክ የምንለው ጣፋጭ፣ ስኳሩ የበዛ ሻይ ሁሉ ተራ በተራ ይመጣል። ከእኛ መካከል ሁለት ሴቶች የስኳር በሽታ ሲገኝባቸው አንዲት ትልቅ እናት ተነሥተው "እኅቶቻችንን በእጃችን ልንገድላቸው ነው ወይ?" ብለው ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ ሻዩ ያለ ስኳር ይፈላል፤ ስኳሩ ለብቻው ይቀርባል፤ ከጣፋጩ ጎን ፓፓያና ብርቱካን ይቀመጣል። ጣፋጩን ማንም አልከለከለም። ትልቁ ነገር የተናገሩት እርሳቸው መሆናቸው ነው፤ እኔ ብናገረው ኖሮ ድፍረት ይባል ነበር። ስለዚህ በሰፈርሽ የሚከበሩ አንድ ትልቅ ሴት ካሉ መጀመሪያ እርሳቸውን አማክሪ።

ጉርሻን በተመለከተ፣ የመጀመሪያዋን በደስታ ጉረሺ። የመጀመሪያዋን የተቀበለ ሰው ሁለተኛዋን "ጠግቤአለሁ፤ እጅዎ ይባረክ" ብሎ ቢተዋት ማንም አይከፋም። ካልሆነም "ሐኪም ከልክሎኛል" በያቸው፤ ሐኪም የሚለው ቃል ክርክር ይዘጋል።

ባለሱቅ ከቀፊራ፦

ከሐረሯ እህታችን በአብዛኛው እስማማለሁ፤ የመጨረሻው ምክር ላይ ግን አልስማማም። "ሐኪም ከልክሎኛል" ያለች ሴት በሦስተኛው ቀን በሰፈሩ ሁሉ "ክፉ በሽታ ይዟታል" ትባላለች፤ ያን ጊዜ ቀነስ ያለው ኪሎ ሁሉ የበሽታው ማስረጃ ይሆናል። ይልቅስ እውነቱን በሙሉ መናገር ይሻላል፦ "ታምሜ አይደለም፤ እንዳልታመም ነው፤ ስኳር በቤታችን ስላለ ከወዲሁ ልጠንቀቅ ብዬ ነው።" ይህን የሰማ ሰው የሚጠረጥረው ነገር አይቀርለትም።

እኔ ያነሣሁት በወንዶች በኩል ያለውን ስለማውቅ ነው። ጫት የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ ያከሳል የሚል እምነት በከተማችን ሰፊ ነው። ሆኖም በርጫ ላይ የሚጠጣውንና ማታ የሚበላውን ማየት ያስፈልጋል። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን በቀን የሚጨመረው ስኳር ቢቻል ከ25 ግራም ገደማ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ አንዱ ጠርሙስ ብቻውን ከዚያ አለፈ ማለት ነው። ኦቾሎኒውም በእፍኝ በእፍኝ ሲያልቅ አይታወቅም፤ ጥሩ ምግብ ቢሆንም 100 ግራሙ ከ550 ካሎሪ በላይ አለው። ማታ ምርቃናው ሲበርድ ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት መብላት ይመጣል፤ ጨብሲ የሚሉት መጠጥም አለ፤ እንቅልፉ ይዛባል። የደም ግፊት ያለበት ሰውማ ጫቱ ራሱ ግፊት ስለሚጨምር ሊጠነቀቅ ይገባል።

ጓደኞቼን አልተውኳቸውም፤ መተውም አልፈልግም። የቅርብ ጓደኛዬን ለብቻው ጠርቼ ሁለት ነገር ጠየቅሁት፦ ለእኔ ለስላሳ እንዳያዝልኝና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከበርጫው በፊት አብሮኝ ሳቢያን ድረስ በእግሩ እንዲሄድ። ሁለቱንም ፈጽሞልኛል። ሌሎቹ ይስቁ ነበር፤ አሁን ከመካከላቸው ውኃ የሚያዝ አለ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦

እኔ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ክብደቴ ብዙ ስለሆነ ጓደኞቼ የሰውነቴን ነገር እያነሡ ስም ያወጡልኛል፤ እንደ ፍቅር ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ስፖርት ሜዳ ለመውጣት አፍራለሁ። ሌላው፣ ምግቤ የካፌ ስለሆነ መምረጥ አልችልም፤ ዓሣና አትክልት ግዛ ለሚሉኝ ሰዎች መልስ የለኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ነርስ ከለገሃሬ፦

ወንድሜ፣ ስም ማውጣቱ ፍቅር ቢሆንም እንኳ የሚጎዳህ ከሆነ መቆም አለበት። በሰው ፊት አትመልስላቸው፤ አንዱን ለብቻው ወስደህ "ይህ ስም ያሳፍረኛል፤ ሌሎቹንም አንተ ንገርልኝ" በለው። ምግቡን በሚመለከት ለብቻህ የሚገዛ ነገር አያስፈልግህም፤ ከካፌው ከሚቀርበው እንጀራ ወይም ዳቦ ቀንሰህ ሽሮውን ወይም ምስሩን አትቀንስ፤ ለስላሳውን በውኃ ተካ፤ ተርፎህ ከገዛህም የተቀቀለ እንቁላልና ቲማቲም ይበቃል።

ጠያቂዋ እህታችን ካላነሣችው አንድ ነገር ላይ ጥቂት ልቆይ፤ እርሱም ጾም ነው። በከተማችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይጾማል፤ ብዙ ሰው በጾም የሚከሳ ይመስለዋል፤ ወጥቶ ሲመዘን ግን ጨምሮ ይገኛል። በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ሥጋና ቅቤ ቢቀርም ዘይቱ ይበዛል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ የጾም ወጥ ሲሠራ ደግሞ ዘይቱ የሚለካው በማንኪያ ሳይሆን ከጀሪካኑ በማንቆርቆር ነው። በረመዳንም ቀኑን ሙሉ የተጾመው በማፍጠሪያው ሰዓት በሳምቡሳ፣ በባቅላባና በጣፋጭ መጠጥ ይካካሳል። በቴምርና በውኃ ማፍጠር፣ ሾርባውን አስቀድሞ፣ ከሶላት በኋላ ረጋ ብሎ መብላት ለሆድም ለክብደትም ይመቻል። በሁለቱም ጾም ዘይቱን ማንኪያ ለክቶ መጨመር ከሁሉ የቀለለ ለውጥ ነው፤ እርሱንም የቤቱ ምግብ አብሳይ ካልተባበረች ማድረግ አይቻልምና አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ አንባቢዎች ካሉ አደራ፤ በተለይ ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ምግብ ቀንሶ እንቅስቃሴ ሲጨምር የደሙ ስኳር ከልክ በታች ሊወርድበት ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ ላብ ማጥመቅና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። ሐኪም መጠኑን ሳያስተካክል ጾሙንም ሆነ እንቅስቃሴውን አይጀምር፤ ሲራመድም ከረሜላ በኪሱ ይያዝ፤ አብሮት የሚሄደው ሰውም ይህን ይወቅ።

የሳቢያን ነዋሪ፦

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ነርሷ እንዳለችው አንድ ሰው አንድ ነገር መጠየቅ ጀምሬአለሁ። ጎረቤቴን በባለሱቁ ቃል ነገርኳት፤ ዝም ብላ ሰማችኝና "ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም? የእኔም እናት እኮ በስኳር ነው የሞተችው" አለችኝ። አማቴን ገና አልደፈርኳቸውም፤ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ተቀብሎ ሁለተኛዋን በምስጋና የመተዉን መንገድ እሞክራለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ቢሮ ውስጥ አንዲት ባልደረባዬ አብራኝ ለመጀመር ተስማምታለች፤ በየሳምንቱ ኪሎአችንን እንነጋገር ትላለች። እርሷ ከእኔ በብዙ ስለምትቀል ነገሩ ያሳስበኛል።

ነርስ ከለገሃሬ፦

ኪሎ አትነጋገሩ። ክብደት በውኃ፣ በጨው፣ በሴቶች ዘንድ በወር አበባም ምክንያት ከቀን ወደ ቀን ከአንድ ኪሎ በላይ ሊለዋወጥ ይችላል፤ አንዳችሁ የምትችለውን ሁሉ ፈጽማ ቁጥሩ ቢጨምር ምንም እንዳላደረገች ያህል ታፍራለች። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ማለዳ፣ ከምግብ በፊት፣ በአንድ ሚዛን ለየራሳችሁ ተመዘኑና ጻፉት። እርስ በርስ የምትነጋገሩት ግን የሠራችሁትን ይሁን፦ ስንት ቀን ተራመድን፣ ሻዩን ያለ ስኳር ጠጣን ወይስ አልጠጣንም፣ ማታ ስንት ሰዓት ላይ በላን። ይህ በእጃችሁ ያለ ነገር ስለሆነ ማንኛችሁም በሌላዋ ፊት አታንሱም።

የከዚራ ጡረተኛ፦

ልጄ፣ ባለቤቴን ነገርኳት፤ ደስ ብሏታል። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ትጠብቅሻለች፤ ባልደረባሽንም ይዘሽ ነዪ። በእነርሱ ዘንድ ያለው ደንብ አንድ ነው፤ የምትቀር ሰው ከመተኛቷ በፊት ትደውላለች፤ ሳትደውል የቀረችውን ቤቷ ድረስ ሄደው ይጠሯታል። ለመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ ሰዓት ይበቃችኋል፤ እያወሩ መሄድ እስኪያቅት ድረስ አትፍጠኑ። ውኃ ያዙ። ጫማን በተመለከተ ውድ ነገር አትግዙ፤ ተረከዙ ያልተነሣ፣ ከኋላ እግርን የሚይዝ ጫማ ይበቃል፤ በነጠላ ጫማ ግን አትምጡ፤ የከዚራ የእግረኛ መንገድ አንዳንድ ቦታ ድንጋዩ ተነሥቷል።